በእጅ የተሠራ ቤዝ ጊታር ሲያጉረመርም፦ መከለያው የሚያስቀረውና የማያስቀረው

አዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ አንባቢ የቤዝ ጊታራቸውን አካል ከዋንዛ እንጨት ራሳቸው ጠርበው ከጨረሱ በኋላ የገጠማቸውን ችግር እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ «አንገቱንና ሁለት የጃዝ ቤዝ ዓይነት ፒክአፖችን (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለውጡ የማግኔትና የሽቦ ጥቅልሎች) ከውጭ በዘመድ አስመጥቼ ገጥሜያለሁ። ሁለት ቮልዩምና አንድ ቶን አለው፤ ባትሪ የለውም። አምፕሊፋየር ላይ ስሰካው ዝዝ የሚል ድምፅ አያቋርጥም፤ እጄን ክሮቹ ላይ ሳሳርፍ አብዛኛው ይጠፋል፣ ሳነሳ ይመለሳል። የኤሌክትሮኒክሱን ጉድጓድ በወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል፣ በእንጨት ኮላ እየለጠፍሁ ሸፈንሁት፤ ምንም አልተለወጠም። ቤት የሚሠራልን ኤሌክትሪሺያን ከብሪጁ (ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት) ሽቦ አውጥቼ ግቢ ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር እንዳስረው መከረኝ። አብሮኝ የሚጫወት ጓደኛዬ ደግሞ የግራውንድ ሽቦዎቹ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ካልተሰበሰቡ ጩኸቱ አይጠፋም ይላል። የማንን ምክር ልከተል?»

የሁለቱንም አይከተሉ። የኤሌክትሪሺያኑ ምክር አደገኛ ነው፤ የጓደኛዎ ምክር ጉዳት ባይኖረውም የእርስዎን ችግር አይነካውም። ክሮቹን ሲነኩ ጩኸቱ መቀነሱ የብሪጁ ሽቦ፣ ማለትም ብሪጁን በቤዙ ውስጥ ከግራውንዱ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ፣ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ፎይሉ ለውጥ ያላመጣውም መሸፈን ስለማይጠቅም ሳይሆን፣ የለጠፉት ፎይል ከምንም ጋር ስላልተገናኘ ነው።

አስቀድሜ አደጋውን ልናገር። «ግራውንድ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። የቤት መስመር የሚዘረጋ ባለሙያ ቃሉን ሲሰማ የሚታየው አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘንግ ነው፤ በቤዝ ጊታር ውስጥ ግን ግራውንድ ማለት ከፒክአፑ የወጣው ሲግናል የሚመለስበት የጋራ ሽቦ ነው። ይህ የጋራ ሽቦ በጃኩ በኩል ይወጣል፣ በኬብሉ የውጭ ጥልፍ ይጓዛል፣ የአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ላይ ያርፋል፤ የአምፕሊፋየሩ አካልም በስፒናው የኧርዝ መስመር አማካይነት ከቤቱ ኧርዝ ጋር ይያያዛል። ቤዙ ወደ መሬት የሚደርስበት መንገድ አስቀድሞ አለው፤ ሌላ መንገድ አያስፈልገውም። ከብሪጁ የሚወጣው ረጅም ሽቦ ጩኸት የሚለቅም አንቴና ከመሆኑም በላይ፣ የሚሰጠው የደኅንነት ስሜት ሐሰተኛ ነው። አንድ ስሌት ይበቃል። ግቢዎ ውስጥ የተቀበረው ብረት ከአፈሩ ጋር ያለው ሬዚስታንስ 50 ኦም ቢሆን፣ ያልተለመደ ቁጥር አይደለም፣ የሶኬቱ ኧርዝ በሌለበት የአምፕሊፋየሩ ፌዝ ከብረት አካሉ ጋር በተነካካ ጊዜ በ220 ቮልት የሚያልፈው 4.4 አምፔር ብቻ ነው። ይህ 16 አምፔሩን ብሬከር ስለማያስወርደው የቤዙ ክሮች ኤሌክትሪክ እንደ ተሸከሙ በእጅዎ ላይ ይቆያሉ።

ክሮቹን ይዞ ሌላ ብረት መንካት የሚያስከትለው ነገር የታወቀ ነው። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት የነበረው ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ኧርዝ ያልተደረገለት ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል። ስለዚህ ክሮቹን ሲነኩ ጣትዎን ቀለል ያለ መውረር የሚሰማዎት ከሆነ፣ ወይም ከንፈርዎ ማይክሮፎን ሲነካ የሚቆነጥጥዎ ከሆነ፣ ይህ «የቤዙ ጠባይ» ሳይሆን የኧርዝ መስመሩ መጥፋቱን የሚናገር ምልክት ነው። በአገራችን ብዙ ቤቶች የኧርዝ መስመር የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ በገበያ የሚገኙት ብዙ ማከፋፈያዎች በጎን ያሉትን የኧርዝ ቅንጥቦች ስለማይዙ መስመሩ እዚያው ይቋረጣል። ኤሌክትሪሺያንዎን ሊጠይቁት የሚገባው ሥራ ይህ ነው፦ አምፕሊፋየሩ የሚሰካበት ሶኬት እውነተኛ ኧርዝ እንዳለው በመሣሪያ እንዲለካልዎትና በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር (አርሲዲ) እንዲያስገባልዎት። ጩኸት ለመቀነስ ብሎ የስፒናውን ኧርዝ መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን ግን በምንም ምክንያት የማልቀበለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ጩኸቱ። «ዝዝ ይላል» ሲሉ አንድ ነገር እንደሆነ አድርገው ገልጸውታል፤ በተግባር ግን ምንጫቸውም መድኃኒታቸውም የተለያየ ሁለት ጩኸቶች ናቸው። አንደኛው ሻካራና ቀጭን ዝዝታ ነው። ይህ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ መስክ፣ ማለትም ቮልቴጅ ካለበት ከማንኛውም ሽቦ ነው፤ በሽቦው ውስጥ ከረንት ማለፍ እንኳ አይጠበቅበትም። መብራቱ ጠፍቶ የመብራቱ ሽቦ ፌዝ ከያዘ ይበቃል። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች፣ ዲመሮችና የስልክ ቻርጀሮች ይህን ዝዝታ ያባብሱታል። ሁለተኛው ወፍራም ጉርምርምታ ነው። እሱ የሚመጣው ከማግኔታዊ መስክ፣ ማለትም ከረንት ከሚያልፍበት ነገር ነው፤ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ትራንስፎርመር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሲሆን፣ 3.5 ኪሎዋት የሚፈጅ የእንጀራ ምጣድ ሲበራ 16 አምፔር ገደማ የሚያልፍበት የግድግዳ መስመርም አጠገቡ ለተቀመጠ ቤዝ ቀላል ጎረቤት አይደለም። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ ጉርምርምታው 50 ኸርዝና ብዜቶቹ ላይ ይቀመጣል። የቤዝዎ ወፍራሙ ክር ሳይጫን 41.2 ኸርዝ ላይ፣ ቀጣዩ 55 ኸርዝ ላይ ይጮኻል፤ ስለዚህ ጩኸቱ የተቀመጠው በትክክል መሣሪያው በሚዘፍንበት ስፍራ ነው። ለጊታር የሚያገለግለው «ዝቅተኛውን ድምፅ በኢኳላይዘር ቁረጠው» የሚለው ምክር ለቤዝ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ቤዙን እንደ ታቀፉ በወንበርዎ ላይ ቀስ ብለው ሙሉ ዙር ይዙሩ። ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ጎልቶ በሌላው እየሟሸሸ የሚሄድ ከሆነ እየሰሙ ያሉት ማግኔታዊውን ነው፤ ምክንያቱም የፒክአፑ ጥቅልል ለማግኔታዊ መስክ ያለው ስሜት እንደ አቀማመጡ ይለዋወጣል። ዞሩም አልዞሩም ያው ሆኖ፣ ክሮቹን ሲነኩ ብቻ የሚቀንስ ከሆነ ግን የኤሌክትሪክ መስክ ነው። የእርስዎ ገለጻ አብዛኛው ችግር ከኤሌክትሪክ መስኩ ወገን መሆኑን ያመለክታል።

ክሮቹን ሲነኩ ምን እንደሚሆን በተለምዶ የሚነገረው ማብራሪያ ተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ሰው «ሰውነቴ ቤዙን ወደ መሬት ያወርደዋል» ይላል። የጎማ ጫማ አድርጎ በእንጨት ወለል ላይ የቆመ ሰው ማንንም ወደ መሬት አያወርድም። ሰውነትዎ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሽቦዎች ሁሉ የኤሌክትሪክ መስክ የሚለቅም ትልቅ አንቴና ነው፤ ይህን አንቴና ሆድዎ ላይ አስደግፈው ካልተሸፈነ ፒክአፕ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ያስቀምጡታል። ክሮቹን ሲነኩ በብሪጁ ሽቦ በኩል ሰውነትዎ ከቤዙ ግራውንድ ጋር እኩል ይሆንና ጩኸት መርጨቱን ትቶ ራሱ የመከለያው አካል ይሆናል። ስለዚህ ነክተው ጩኸቱ ቢቀንስ ግንኙነቱ ደኅና ነው፣ የጎደለው ሽፋኑ ነው ማለት ነው። ቢነኩም ለውጥ ባይኖር የብሪጁ ሽቦ ተቋርጧል። ሲነኩ ጭራሽ ቢጨምር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጃኩ ላይ የሲግናሉና የግራውንዱ ሽቦ ተቀያይረው ተበይደዋል።

አልሙኒየሙ ያልሠራው ለምንድን ነው? መከለያ የሚሠራው የሚመጣውን መስክ ተቀብሎ ወደ ግራውንድ ሲመልሰው ነው። ከግራውንድ ጋር ያልተያያዘ ፎይል ጩኸቱን ከአንዱ ጎን ተቀብሎ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሌላ ብረት ብቻ ነው። የእንጨት ኮላ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ እርስዎ የለጠፏቸው ቁርጥራጮች አንዱ ሌላውን ቢደርቡም በመካከላቸው ኮላ ስላለ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የቆሙ ደሴቶች ናቸው። በዚያ ላይ አልሙኒየም አየር ሲያገኘው የሚሸፈንበት ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ስላለው ተራ ሶልደር አይዘውም፤ ሽቦ በይጄበታለሁ ብለው ቢያስቡም ብየዳው ላዩ ላይ እንደ ጤዛ ተንከባሎ የተቀመጠ ነው። አልሙኒየምን በግድ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ግንኙነቱን ከብየዳ ይልቅ በቪቴና በሮንዴላ ጠብቆ ማሰር ይኖርበታል። ለእርስዎ ግን ይህን ድካም አልመክርም፤ ልጠው ያውጡት።

በቦታው የሚገባው የመዳብ ፕላስተር ነው፤ በተለይም ማጣበቂያው ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ዓይነት። የካርቦን ወይም የኒኬል ቅባትም አለ፤ ለተጠማዘዘ ጉድጓድ ይመቻል፣ ነገር ግን ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባትና እያንዳንዱ እስኪደርቅ መጠበቅ ይጠይቃል፣ ሶልደርም ስለማይዘው ሽቦው በቪቴ መታሰር አለበት። ከሁለቱ መዳቡን የምመርጠው ለሚለካ ውጤቱ ነው። ጉድጓዱን ከፎይልና ከኮላ ካጸዱ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ቆሻሻውን ያንሱ፣ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ዋንዛው ላይ አቧራ ከቀረ ፕላስተሩ ከአንድ ወር በኋላ ከጥጉ መነሳት ይጀምራል። ወለሉን አስቀድመው ያልብሱ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቀጣዩን ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ይደርበው። የላይኛው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ፕላስተሩን ወደ ውጭ አጥፈው የክዳኑ ቪቴዎች በሚገቡበት ከንፈር ላይ ያሳርፉት። የክዳኑንም ውስጠኛ ገጽ ያልብሱ፤ ክዳኑ ሲዘጋ መዳብ ከመዳብ ጋር ይገናኛል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ክዳን ነው፤ ክዳን የሌለው መከለያ ደግሞ በሩ ክፍት እንደሆነ ቤት ነው። የመዳቡ ጠርዝ ጣት ስለሚቆርጥ በማንኪያ ጀርባ ይጫኑት።

ማጣበቂያው የሚያሳልፍ መሆኑ በማሸጊያው ላይ ቢጻፍም አይመኑት፤ በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ሶልደር ያስቀምጡ። ከዚያም ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ከጃኩ የግራውንድ እግር ላይ፣ ሌላውን በየተራ በወለሉ፣ በእያንዳንዱ ግድግዳና በክዳኑ ላይ ያሳርፉ። የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸው የሚያሳዩትን ቁጥር ከቀነሱ በኋላ የሚቀረው በሁሉም ቦታ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። ቁጥሩ የሚዋልልበት ቁራጭ ካገኙ እሱ ደሴት ነው፤ ሶልደር ይጨምሩበት። የሁለቱን ፒክአፖች ጉድጓዶችም እንዲሁ አልብሰው ከእያንዳንዳቸው አንድ ሽቦ ወደ ዋናው ጉድጓድ ያምጡ። ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ ከሁሉ ይበልጥ ጩኸት የሚቀበለው ራሱ ስለሆነ፣ ፖቶቹን (የቮልዩምና የቶን መቆጣጠሪያዎቹን) ሸፍኖ ፒክአፖቹን መተው ሥራውን በግማሽ ማቆም ነው። ጥቅልሉን ራሱን ግን ዙሪያውን በመዳብ አይጠምጥሙት፤ ዙሪያውን የተዘጋ የመዳብ ቀለበት ከፍተኛውን ድምፅ ይበላል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነውንም ሽቦ ሊበጥስ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት አዲስ የሸፈነውን ቤዝ ይዞልኝ መጣ፤ በቴስተር ሲለካ ሁሉም ልክ ነው፣ ኬብል ሲሰካበት ግን ድምፁ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ሁለት ሰዓት ያህል ፒክአፖቹን ስመረምር ቆየሁ። በመጨረሻ ጃኩን ነቅዬ ስመለከት መዳቡ ላይ የጥፍር ጭረት የመሰለች ብሩህ መስመር አየሁ። ኬብሉ ሲገባ የጃኩ ምላስ ወደ ውጭ ይገፋና ግድግዳውን ይነካል፤ ሲግናሉ እዚያው ግራውንድ ላይ ይሞታል። ኬብሉ ሲወጣ ምላሱ ስለሚመለስ ያለ ኬብል የተለካው ሁሉ ደኅና ይመስላል። ስለዚህ ከጃኩ ምላስና ከፖቶቹ እግሮች ትይዩ ባለው መዳብ ላይ ናስትሮ ይለጥፉ፤ የመጨረሻውን ልኬትም ኬብሉን ሰክተው፣ በኬብሉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ይለኩ። ሁለቱም ቮልዩሞች ሙሉ በሙሉ ተከፍተው ከ3 እስከ 4 ኪሎኦም አካባቢ ካገኙ የተለመዱት የጃዝ ቤዝ ፒክአፖች ሁለቱም በትክክል ገብተዋል። 7 ወይም 8 ካገኙ አንደኛው አልተገናኘም፤ ዜሮ ከሆነ ያ ጭረት እርስዎም ጋር አለ።

ጓደኛዎ የሚናገሩለት የአንድ ነጥብ አሠራር ከትልልቅ መሣሪያዎች የመጣ ነው። ብዙ አምፔር በሚያልፍባቸው አምፕሊፋየሮች ውስጥ፣ ወይም እያንዳንዳቸው ግድግዳ ላይ በተሰኩ ሁለት መሣሪያዎች መካከል፣ የግራውንድ ቀለበት እውነተኛ ችግር ነው። ባትሪ በሌለው ቤዝ ውስጥ ግን በግራውንዱ ሽቦ የሚያልፈው ከረንት እጅግ ጥቂት፣ ቀለበቱም የመዳፍ ስፋት ብቻ ስለሆነ በጆሮ የሚሰማ ነገር አይፈጥርም። ፖቱ በሮንዴላው በኩል መዳቡን መንካቱና በተጨማሪ በሽቦ መያያዙ «ሁለት መንገድ ተፈጠረ» የሚያሰኝ ቢሆንም ሊያስጨንቅዎ አይገባም። እኔ ራሴ ሽቦዎቹን ወደ አንድ የፖት ጀርባ እሰበስባለሁ፤ የማደርገው ግን ለንጽሕናና በኋላ ጥገና ለሚመጣበት ሰው ስል ነው። የፖቱን ጀርባ ከመበየድዎ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፋቁት፣ ካውያው በደንብ እስኪግል ይጠብቁ፣ በጥቂት ሴኮንድ ጨርሰው ያንሱት፤ ደካማ ካውያ ይዞ ረጅም ጊዜ ማንከርፈፍ የፖቱን ውስጥ ያቃጥላል።

አሁን ስለ ወሰኑ። መዳቡ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢለጠፍ ጉርምርምታውን፣ ማለትም ማግኔታዊውን ጩኸት፣ አያስቀርም። መዳብ በ50 ኸርዝ ማግኔታዊ መስክን በጉልህ ለማዳከም ውፍረቱ ወደ 9 ሚሊሜትር መጠጋት አለበት፤ የእርስዎ ፕላስተር አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 ሚሊሜትር ይቀጥናል። ማግኔታዊ መስክን የሚያስቀር ልዩ ብረት ቢኖርም ፒክአፑ የሚሠራው የክሮቹን ንዝረት በማግኔት በመስማት ስለሆነ ከፊቱ ሊከለል አይችልም። «ቤዜን በመዳብ ሸፍኜ ግማሹ ጩኸት ቀረ» የሚሉ ሰዎች ቅሬታ ከዚህ የመጣ ነው፤ ሥራቸው አልተበላሸም፣ የጠበቁት ግን ከመከለያ የማይገኝ ነገር ነበር።

ለማግኔታዊው ጩኸት መፍትሔው ሌላ ጥቅልል ነው። የፌንደር ኩባንያ ፕሪሲዥን ቤዝን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ ነበር፤ በ1957 ግን ፒክአፑን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ በተቃራኒ እንዲጠመጠሙና ማግኔታቸውም በተቃራኒ እንዲቆም አደረገ። ከውጭ የሚመጣው ጉርምርምታ በሁለቱ ውስጥ ተቃራኒ ሆኖ ይጠፋፋል፤ የክሮቹ ድምፅ ግን ጥቅልሉም ማግኔቱም ስለተገለበጡ ይደመራል። በእርስዎም ቤዝ ላይ ሁለቱ ፒክአፖች እንደ ጥንድ ተመርተው ከሆነ ይህንኑ እርስ በርሳቸው ያደርጉታል። ሁለቱንም ቮልዩሞች እኩል ሙሉ ሲከፍቱ ጉርምርምታው በጉልህ መውረድ፣ አንዱን ትንሽ ሲቀንሱ መመለስ አለበት። ሲመለስ ብልሽት እንዳይመስልዎት፤ የጃዝ ቤዝ አሠራር እንዲህ ነው።

ፒክአፖቹ በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ሻጭ የተገዙ ከሆነ ግን ይህን በጥንቃቄ ይፈትሹ። ሁለቱንም ሲከፍቱ ድምፁ ቀጥኖ ዝቅተኛው ከጠፋና ጉርምርምታውም ከጨመረ ዕድለኛ ነዎት፤ የአንዱን ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ሁለቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ያስተካክላል። ይህን ሲያደርጉ ከፒክአፑ ሥር ያለ የብረት ሳህን ከቀድሞው የግራውንድ ሽቦ ጋር የተያያዘ ከሆነ መጀመሪያ ይለያዩት፤ አለበለዚያ ሳህኑ የሲግናል አንቴና ይሆናል። ድምፁ ወፍራምና ጤናማ ሆኖ ጉርምርምታው ግን የሚደመር ከሆነ የሁለቱ ማግኔት አቋቋም አንድ ዓይነት ነው፤ በትንሽ የመርፌ ኮምፓስ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ሽቦ ማቀያየር ጉርምርምታውን ሲያጠፋ የቤዙንም ድምፅ ይዞት ይሄዳል። አንዳንዶች ማግኔቶቹን ገፍቶ በማውጣት መገልበጥን ይመክራሉ፤ ሽቦው በቀጥታ በማግኔቶቹ ላይ በተጠመጠመበት ፒክአፕ ይህ ጥቅልሉን መበጠስ ነውና አይሞክሩት። አንዱን ፒክአፕ በተቃራኒ በተሠራ መለወጥ ብቻ ነው መንገዱ።

በብሪጁ ሽቦ መካከል ካፓሲተር ማስገባት ከኤሌክትሪክ ንዝረት ያድናል የሚል ምክርም ይሰማሉ። ሐሳቡ መሠረት አለው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 0.33 ማይክሮፋራድ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ 23 ሚሊአምፔር ያህል ያሳልፋል፤ ይህ እጅ ጨምድዶ እንዳይለቅ ለማድረግ የሚበቃ መጠን ነው። ደግሞም ካፓሲተሩ የሚለየው ክሮቹን ብቻ ነው፤ የጃኩ ብረትና የብረት ቁልፎቹ ያው ናቸው። ገንዘብዎን ለሶኬቱ ኧርዝና ለአርሲዲው ያውሉት።

ቤዙን ከመክፈትዎ በፊት ከቤዙ ውጭ ያለውን ያጣሩ። ኬብሉን ከአምፕሊፋየሩ ሳይነቅሉ ከቤዙ ብቻ አውጥተው የጫፉን ሁለት ብረቶች በአንድ ሳንቲም ያገናኙ፤ ጸጥ ካለ አምፕሊፋየሩና ኬብሉ ደኅና ናቸው። ጸጥ ካላለ ቤዙ ላይ የሚያፈሱት መዳብ ሁሉ ከንቱ ነው። ለስፒከር የተሠራ ጥልፍ የሌለው ገመድ በሁለቱም ጫፉ ተመሳሳይ ጃክ ስላለው ብዙ ጊዜ በስሕተት ለቤዝ ሲሰካ አያለሁ፤ እሱን ምንም መከለያ አያድነውም። በላፕቶፕ የሚቀርጹ ከሆነም ባለ ሁለት እግሩን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ፤ ዝዝታው ከቻርጀሩ ጋር ከሄደ ምንጩ ተገኝቷል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ሶኬቱ ሳይለካ ቤዙን አይሰኩ። ኬብሉንና አምፕሊፋየሩን በሳንቲሙ ይፈትኑ። የብሪጁን ሽቦ በቦታው ይተዉት፤ ሥራውን እየሠራ ነው። አልሙኒየሙን አውጥተው ሦስቱንም ጉድጓዶችና ክዳኑን በመዳብ ያልብሱ፣ እያንዳንዱን ገጽ ከጃኩ ጋር ከ1 ኦም በታች እስኪያሳይ ይለኩ፣ የጃኩን ምላስ በናስትሮ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ክሮቹን ነኩም አልነኩም ዝዝታው ሊለያይ የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው። አንዱን ፒክአፕ ብቻ ሲከፍቱ የሚቀረውና ሲዞሩ የሚለዋወጠው ጉርምርምታ የፒክአፑ ነው፤ ብቻውን መጫወት የግድ ከሆነብዎ በአንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ጥቅልል የተደራረበባቸውን የጃዝ ቤዝ ፒክአፖች ይግዙ፣ ለእሱ ብለው ግን መዳቡን ዳግመኛ አይላጡት።